የቦናፓርት ቤተሰብ ደብዳቤዎችና አጎትዎ ቤት የተገኘው ወረቀት

ጥያቄ፦ «ፓሪስ ለረጅም ዓመታት የኖሩት አጎቴ ሲያርፉ ከዕቃቸው መካከል በመስታወት ፍሬም የተሰቀለ አሮጌ ደብዳቤ ተገኘ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። ከላይ ‹ፊንከንሽታይን፣ ኤፕሪል 1807› ይላል፤ ለጄኔራል ዴዣን የተላከ ሲሆን የሚያወራው ስለ ወታደር ጫማ ነው። ከታች ‹ናፕ› የምትል ባለ ሦስት ፊደል ፊርማ አለች። ጽሑፉና ፊርማው የአንድ ሰው እጅ አይመስሉም። ታሪክ የሚያነብ ወዳጃችን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በታተመው የናፖሊዮን ደብዳቤዎች ስብስብ ፈልጎ ስላጣው፣ ከእጅ ጽሑፉ ጋር አያይዞ ‹ሐሰተኛ ነው› ብሎናል። እውነቱን ነው? የዚህ ቤተሰብ ደብዳቤዎችስ አንድ ቦታ ተሰብስበው ይገኛሉ? ወረቀቱ አሁን ፓሪስ እህቴ ጋ ነው።»

ምላሽ፦ የወዳጃችሁ ሁለት ምክንያቶች ደብዳቤውን ሐሰተኛ አያሰኙትም። እውነተኛ ነው ለማለት ደግሞ ገና ብዙ ይቀራል፤ ወረቀቱን ሳያዩ ይህን የሚወስን ባለሙያ የለም። ነገር ግን ምን መፈለግ እንዳለባችሁና የት መፈለግ እንዳለባችሁ በዝርዝር ልነግርዎ እችላለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከእጅ ጽሑፉ ልጀምር። ናፖሊዮን ቀዳማዊ በራሱ እጅ ሲጽፍ ፊደሉ ይጣበቃል፣ ቃሉ ይቆረጣል፤ አብረውት የሠሩት ሰዎች እንኳ ለማንበብ ይቸገሩ ነበር። ሥልጣን ከያዘ በኋላ ደብዳቤዎቹን በብዛት ያዘጋጀው እየተናገረ በማስጻፍ ነው። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ይናገራል፤ ጸሐፊው በአሕጽሮት እየለቀመ ይከተለዋል፤ ከዚያ በንጹሕ ተገልብጦ ይቀርብለትና ይፈርማል። ከ1802 እስከ 1813 ይህን ሥራ በዋናነት የሠራው ሜንቫል ነው፤ ፌን ደግሞ የጽሕፈት ቤቱን ሰነዶች እንዲይዝ በ1806 ገብቷል። ስለዚህ በ1807 የወጣ የጫማ ትእዛዝ በጸሐፊ እጅ ተጽፎ በሌላ እጅ መፈረሙ የተለመደው አሠራር ነው። ከላይ እስከ ታች በናፖሊዮን እጅ የተጻፈ የዚያ ዓመት የጫማ ደብዳቤ አገኘን ብትሉኝ ኖሮ ነበር የምጠራጠረው።

ፊርማዋም ከዘመኗ ጋር አትጣላም። ናፖሊዮን እስከ 1796 ድረስ የቤተሰቡን ስም በጣሊያንኛው አጻጻፍ፣ «ቡኦናፓርቴ» እያለ ይፈርም ነበር። በኢጣሊያ የሚዘምተውን ጦር ሊመራ ሲነሣ «ቦናፓርት» ብሎ ወደ ፈረንሳይኛው አዞረው። በሜይ 18 ቀን 1804 ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ግን እንደ ነገሥታቱ ልማድ የራሱን ስም ብቻ ይፈርማል፤ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ሥራው እየበዛ ሲሄድ ደግሞ አምስት ፊደል፣ ሦስት ፊደል፣ ሁለት ፊደል፣ በመጨረሻም አንድ ፊደል ብቻ። በ1807 ሦስት ፊደል ማግኘት የሚያስገርም አይደለም። በ1795 ተጻፈ በሚባል ወረቀት ላይ «ናፖሊዮን» የሚል ፊርማ ቢያዩ ግን ወዲያውኑ ያቁሙ።

ቦታው፣ ቀኑና ተቀባዩም ይስማማሉ። ናፖሊዮን በፌብሩዋሪ 1807 በአይላው ብዙ ደም የፈሰሰበትን ውጊያ ካደረገ በኋላ ጦሩን አሳርፎ ከኤፕሪል 1 እስከ ጁን 6 የተቀመጠው በፊንከንሽታይን ቤተ መንግሥት ነበር፤ ቦታው ያኔ ምሥራቅ ፕሩሲያ ሲሆን ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ነው። ዴዣን በዚያን ጊዜ የጦር አስተዳደር ሚኒስትር ስለነበር የጫማ፣ የዳቦና የካፖርት ነገር የሚመለከተው እሱን ነው። የወሩ አጠራርም ትክክል ነው፤ የፈረንሳይ አብዮት ያወጣው የዘመን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1806 ጀምሮ ቀርቷል፤ ስለዚህ የ1807 ደብዳቤ «ዠርሚናል» የሚል የወር ስም ይዞ ቢገኝ ነበር ችግሩ። ይህ ሁሉ ግን የሚያሳየው የይዘቱን መስማማት ብቻ ነው። ጎበዝ አስመሳይም መጽሐፍ ያነባል።

ስለ ጫማ መሆኑ እንዳያሳዝንዎ እለምናለሁ። እኔ እንዲህ ያሉትን ደብዳቤዎች ከፍቅር ደብዳቤዎቹ አስበልጬ እወዳቸዋለሁ፤ ያንን ግዛት በየቀኑ ያንቀሳቀሰው የዚህ ዓይነቱ ወረቀት ነውና። ከዚያው ቤተ መንግሥት፣ በዚያው ወር በ4ኛው ቀን፣ ናፖሊዮን የሆላንድ ንጉሥ ላደረገው ወንድሙ ለሉዊ ብርቱ ተግሣጽ ጽፏል፤ ወጣት ሚስቱን እንደ ክፍለ ጦር እንደሚይዛት ይወቅሰዋል። የሉዊ ሚስት ኦርታንስ የናፖሊዮን የመጀመሪያ ሚስት የጆሴፊን ልጅ ናት። የጦር ሠራዊት ስንቅና የቤተሰብ ጠብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ጸሐፊ ብዕር ይወጡ ነበር። የሉዊና የኦርታንስ ልጅ ኋላ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ተብሎ ነገሠ፤ የወዳጃችሁን መጽሐፍ ያሳተመውም እሱ ነው።

ስብስቡ እንዴት እንደተዘጋጀ ካወቁ፣ ደብዳቤያችሁ ያልተገኘበት ምክንያት ብዙ አያስቸግርም። ናፖሊዮን ሣልሳዊ በ1854 የአጎቱን ደብዳቤዎች የሚያሳትም ኮሚሽን አቋቋመ። ሥራው ከ1858 እስከ 1869 በ32 ቅጽ ወጣ፤ ወደ 22,000 የሚጠጉ ጽሑፎች አሉት። እስከ 15ኛው ቅጽ ድረስ የሠራው በማርሻል ቫያን የሚመራው የመጀመሪያው ኮሚሽን ነው። በ1864 ግን ኮሚሽኑ ተለወጠና ሰብሳቢነቱ ለልዑል ናፖሊዮን ተሰጠ፤ እሱ የናፖሊዮን ታናሽ ወንድም የዤሮም ልጅ ነው። አዲሱ ሰብሳቢ መመሪያውን በግልጽ ጽፎታል፤ የሚታተመው ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ኖሮ ራሱን ለትውልድ ማሳየት ቢፈልግ ሊያወጣው ይችል የነበረው ብቻ ነው አለ። አጎቱ አባቱን የዘለፈበትን ደብዳቤ የመምረጥና የመጣል ሥልጣን የተሰጠው ለወንድም ልጅ ነበር ማለት ነው። የተጣለው ምን እንደነበር ሕዝብ በስፋት ያየው ቆይቶ ነው፤ የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ባለሙያ የነበረው ሌዮን ሌሴስትር በ1897 ከተተዉት መካከል ሁለት ሙሉ ቅጽ አወጣ። ለወንድሞቹ፣ ለፖሊስ ሚኒስትሩ፣ ለጄኔራሎቹ የጻፋቸው ጠንካራ ቃላት እዚያ ይነበባሉ።

የእናንተን የመሰለ የጫማ ደብዳቤ አሳፋሪ ሆኖ ተጣለ ማለቴ አይደለም። ስለ ስንቅና ልብስ የሚደጋገሙ ትእዛዞች በብዛታቸው የተነሣ ይታለፉ ነበር፤ በግለሰብ ቤት የቀሩ ወረቀቶችንም ኮሚሽኑ ሁሉንም ሊያገኛቸው አይችልም። ለዚህ ነው ወዳጃችሁን ወደ አዲሱ ስብስብ የምልከው። በፓሪስ የሚገኘው የናፖሊዮን ፋውንዴሽን ደብዳቤዎቹን ከየቤተ መዛግብቱ፣ ከግል ሰብሳቢዎችና ከጨረታ ካታሎጎች እያሰባሰበ ከ2004 እስከ 2018 በ15 ቅጽ አሳትሟል፤ የደብዳቤዎቹ ቁጥር ከ40,000 ያልፋል። የ1807 ደብዳቤዎች ያሉት በ7ኛው ቅጽ ነው። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ሥር ምንጩ ተጽፏል፤ የተገኘው ወጪው ይሁን ቀሪው ይለያል።

ወጪና ቀሪ ስል መዝገብ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀውን ነገር ማለቴ ነው። ተፈርሞ የተላከው ወጪው ለተቀባዩ ይደርሳል፤ ቀሪው ከጽሕፈት ቤቱ ፋይል ይገባል። የናፖሊዮን ጽሕፈት ቤት ቀሪዎች ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «አኤፍ 4» በሚባለው ምድብ ይገኛሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሰነድ ነው። ቀሪ ላይ ብዙ ጊዜ ፊርማ አይኖርም። በእናንተ ፍሬም ውስጥ ያለው ፊርማ ስላለው፣ እውነተኛ ከሆነ ወጪው ነው፤ ወጪ ደግሞ ከተቀባዩ ቤተሰብ እጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ሻጭ፣ ከሻጭ ወደ ገዢ ሲዞር ኖሮ አጎትዎ ዘንድ መድረሱ የማይታመን ነገር አይደለም። ቀሪው ተገኝቶ ቃሉ ከእናንተው ጋር ቢገጥም ትልቅ ማስረጃ ነው። ቀሪው ባይገኝ ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

«አንድ ቦታ ተሰብስበው ይገኛሉ ወይ» ላሉት፣ አይገኙም። የመንግሥቱ ወረቀት አንድ ነገር ነው፤ የቤተሰቡ ወረቀት ሌላ ነው፤ የቤተሰቡም ቢሆን ስደትና ውርስ በትኖታል። ትልቁ ክምችት በዚያው በብሔራዊ ቤተ መዛግብት «400 አፔ» የሚባለው ነው። ቦናፓርቶች ሥልጣን ሲያጡ ወረቀቶቻቸውም አብረው ተሰደዱ። የ1886 ሕግ ደግሞ ፈረንሳይን የገዙ ቤተሰቦችን አለቆችና ቀጥተኛ ወራሾች ከአገር አስወጣ፤ የተሻረውም በ1950 ነው። የቤተሰቡ አለቃ የነበሩት ልዑል ሉዊ ናፖሊዮን የቤተሰቡን ሰነዶች ለመንግሥት የሰጡት በ1979 ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በግል እጅ የቆየ ነገር መሆኑን ያስቡት።

የወጣትነቱ ጽሑፎች ታሪክ ከሁሉ ይደንቀኛል። ናፖሊዮን ገና መኮንን ሳለ የጻፋቸውን ማስታወሻዎችና ድርሰቶች በ1815 በማኅተም አሽጎ ለእናቱ ወንድም ለካርዲናል ፌሽ ተወለት። ካርዲናሉ ሮም ወሰደው፤ በ1839 ሲሞት እሽጉ ወደ ሊዮን መጣ፤ እዚያ ጉልዬልሞ ሊብሪ የሚባል ጣሊያናዊ የሒሳብ ሊቅ ገዛው። ይህ ሰው የፈረንሳይን ቤተ መጻሕፍት እንዲቆጣጠር በመንግሥት ተሹሞ ሳለ እነዚያኑ ቤተ መጻሕፍት የዘረፈ ሰው ነው፤ በ1850 በሌለበት ተፈርዶበታል። ወረቀቶቹን እንግሊዝ አገር ለሎርድ አሽበርንሃም ሸጣቸው፤ በ1884 የጣሊያን መንግሥት ገዛቸውና ፍሎረንስ በሚገኘው የሎሬንሲያና ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ዛሬም እዚያው ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የጂኦግራፊ ደብተር ሲሆን «ሴንት ሄለና፣ ትንሽ ደሴት» የሚል ሐረግ ላይ ይቆማል። ልጁ ደብተሩን ሲጽፍ የሚሞትበትን ቦታ አያውቅም ነበር።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ለጆሴፊን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ልጇ ኦርታንስ በ1833 መርጣና ቀንሳ አሳተመቻቸው። ለሁለተኛ ሚስቱ ለማሪ ሉዊዝ የጻፋቸውን ከ300 በላይ ደብዳቤዎች ዘሮቿ በዲሴምበር 1934 ለንደን ላይ ለጨረታ አቀረቡ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ገዝቶ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አስገባቸው። የእንጀራ ልጁ የኤውዤን ደ ቦአርኔ ሰነዶች አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሮም ውስጥ ካውንት ፕሪሞሊ ያቋቋመው የናፖሊዮን ሙዚየም አለ፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ የኦርታንስ መኖሪያ የነበረው አሬነንበርግ አለ፤ የናፖሊዮን ሣልሳዊ ሚስት የእቴጌ ኤውዤኒ የቤተሰብ ደብዳቤዎች ደግሞ እህቷ ያገባችበት የስፔኑ የአልባ ቤት ጋ ናቸው። የናፖሊዮን ቀዳማዊ ኑዛዜ ራሱ እንኳ በቀጥታ ፈረንሳይ አልገባም። በ1821 ሴንት ሄለና ላይ በእጁ የጻፈው ኑዛዜ ለንደን በሚገኝ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ቆይቶ ለፈረንሳይ የተሰጠው በ1853 ነው።

የሁለተኛው ግዛት፣ ማለትም የናፖሊዮን ሣልሳዊ ዘመን፣ ወረቀቶች ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1870 እቴጌ ኤውዤኒ ከቱይለሪ ቤተ መንግሥት ስትሸሽ ወረቀቱ እዚያው ቀረ። አዲሱ መንግሥት ኮሚሽን አቁሞ የንጉሠ ነገሥቱን ቤተሰብ ወረቀቶችና ደብዳቤዎች እያለ ማሳተም ጀመረ። አሥራ ምናምን ዓመት ቀደም ብሎ ወዳጅ መርጦ እንዳሳተመ፣ አሁን ደግሞ ጠላት መርጦ አሳተመ፤ የሚፈልገውም የሚያዋርደውን ነበር። በሜይ 1871 ቱይለሪ ሲቃጠል የቀረው እሳት በላው፤ የከተማው አዳራሽም በዚያው ሳምንት ሲቃጠል የፓሪስ የልደትና የጋብቻ መዝገቦች አብረው ጠፉ። በኦክቶበር 1870 የፕሩሲያ ወታደሮች ከሚኒስትሩ ከሩኤር ቤት፣ ከሰርሴ፣ የወሰዱት የፖለቲካ ወረቀት እንዲመለስ የጠየቀው ደግሞ የ1919ኙ የቬርሳይ ስምምነት ነው፤ 245ኛው አንቀጽ በስም ይጠቅሰዋል። የታተመ ስብስብ ሲያነቡ «ማን መረጠው? ምን ለማሳየት?» ብለው እንዲጠይቁ የምወተውተው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ለእኛም ታሪክ ይሠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለናፖሊዮን ሣልሳዊ የጻፉትን የሚፈልግ ተማሪ የቤተሰቡን ሰነድ ቢያገላብጥ ይደክማል፤ መንገዱ ላ ኩርኔቭ በሚገኘው የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቤተ መዛግብት በኩል ነው። በ1863 የቴዎድሮስ መልእክተኛ ባርዴል ይዞት የመጣው መልስ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልተፈረመም፤ የፈረመው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ድሩዌን ደ ሉዊስ ነበር። ቴዎድሮስ በዚህ ክፉኛ ተቆጡ፤ የፈረንሳይ ቆንስል ለዣንም ከአገር ተባረረ። ደብዳቤ ማን ፈረመው፣ በየትኛው ጽሕፈት ቤት አለፈ የሚለው ጥያቄ በዚያን ዘመን የክብር ጥያቄም ነበር።

ወደ ፍሬሙ ልመለስ። በጣም የሚያጋጥመው አሳሳች ነገር የተንኮል ሥራ ሳይሆን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕትመት ቅጂ ነው፤ የታዋቂ ሰዎች ደብዳቤ በድንጋይ ሕትመት እየተባዛ ይሸጥ ነበር። እህትዎ በአጉሊ መነፅር ይዩት። በላባ ብዕር የተጻፈ መስመር ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲለቁት ይቀጥናል፤ መስመር መስመርን ሲያቋርጥ ቀለሙ ይጠቁራል። የዘመኑ ቀለም ብረት ስላለው በጊዜ ብዛት ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ወረቀቱን እየበላም ከጀርባ በኩል ይታያል። የታተመ ከሆነ ግን ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነትና ጠፍጣፋ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ቢያነሡት የፋብሪካው የውሃ ምልክት ሊታይ ይችላል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ወረቀት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነጭ ማድረጊያ ኬሚካል አለበት፤ እንዲህ ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ከሁሉ በላይ ጀርባውን ማየት አለባችሁ። በገቢ መዝገብ የተሰጠ ቁጥር፣ የደረሰበት ቀን፣ የጉዳዩ ማጠቃለያ አንድ መስመር፣ የእጥፋትና የማኅተም ሰም ምልክት ይኖር ይሆናል። የቤተ መጻሕፍት ወይም የቤተ መዛግብት ማኅተም ካለበት ወይም ማኅተም ተፍቆ ከታየ፣ ከማንም ጋር የሽያጭ ወሬ ሳትጀምሩ መጀመሪያ የሕግ ምክር ያግኙ። ወረቀቱ ከጀርባው ካርቶን ጋር ከተጣበቀ እህትዎ ራሷ አትላጠው፤ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ያድርገው። ላሚኔት ማድረግ፣ በስኮች ማያያዝ፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አይታሰብ። እስከዚያው ከግድግዳ ወርዶ ከፀሐይና ከራዲያተር ይራቅ።

ሕጉን በተመለከተ፣ በፈረንሳይ የመንግሥት ሰነድ አይሸጥም፤ ብዙ ዘመን በግለሰብ እጅ ስለቆየም የግል አይሆንም። ለሚኒስትሮች የተጻፉ የናፖሊዮን ደብዳቤዎች በተግባር ጨረታ ላይ ይወጣሉ፤ መንግሥት ግን «ይህ የእኔ ሰነድ ነው» የማለት መብት አለው፤ አንዳንዴም ይላል። ወረቀቱን ወደ አዲስ አበባ ይዞ ለመምጣትም የመውጫ ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል እህትዎ ሻንጣ ውስጥ ከትታ እንዳትሳፈር። ዋጋውን አልጠየቁኝም፤ ግን ወሬ መስማትዎ አይቀርም። በኦክቶበር 1812 ክሬምሊንን ሊያፈርስ ማሰቡን የሚናገረው በምስጢር ቁጥር የተጻፈ ደብዳቤ በዲሴምበር 2012 ፎንቴንብሎ ላይ በ187,500 ዩሮ ተሽጧል። ያ የተለየ ነገር ነው። ፊርማ ብቻ የእሱ የሆነ የስንቅ ደብዳቤ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ዋጋ አለው፤ ከዚህ በላይ ቃል የሚገባላችሁን ሰው አትመኑ።

አሁን እህትዎ ታድርገው የምለው ይህን ነው። የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ፣ አንዱን መብራቱ ከጎን በኩል እየመታው፣ ታንሣ፤ ቁመቱንና ስፋቱን በሚሊሜትር ትለካ፤ የአጎትዎን ደረሰኞችና ደብዳቤዎች ሳትጥል ወረቀቱን ከየት እንደገዙት የሚናገር ነገር ትፈልግ። ከዚያ በ7ኛው ቅጽ የኤፕሪል 1807 ገጾችን ትይ፤ እዚያ ካልተገኘ ፎቶውን ለናፖሊዮን ፋውንዴሽንና ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ትላክ። ስትጽፍም «ዋጋው ስንት ነው» ብላ ሳይሆን «ቀሪው እናንተ ጋ አለ ወይ» ብላ ትጠይቅ።